ኮምፒውተር ራሙን ሁሉ ሳይቈጥር ሲቀር የጐደለውን ስለ መፈለግ

ለተከበራችሁ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለምትችሉ የአገር ሽማግሎች፤

ገንዘብ ቈጥሮ የሰጠ ሰው ዕቃውን ቈጥሮ ሊረከብ ይገባዋል። ነገር ግን የአቈጣጠሩን ሥርዐት ሳያውቁ ቈጥሮ መፍረድ ፈጽሞ ካለመቍጠር ይልቅ የሚጐዳበት ጊዜ አለ። ይህንም የምናገረው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጸሓፊ ሆኜ ሳገለግል፥ ትምህርት ቤቱ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሥራቸው እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ፥ አንድ ልጅ ስሙን ጽፎ እስኪያስቀምጥ ድረስ ሌሎቹ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የተማሪዎቹም ወላጆች ይህን አይተው እኩሌቶቹ እህል፥ እኩሌቶቹ ማር ሸጠው ገንዘብ አዋጡና እያንዳንዳቸው 2 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት ራሞች ከከተማ ተገዝተው መጡ። ከአንደኛው ኮምፒውተር ውስጥ የነበሩትን ሁለት ባለ 1 ጊጋባይት ራሞች አውጥተን አዲሶቹን በስፍራቸው አገባን። ሽማግሎቹ ተሰብስበው እያዩ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ጊዜ፥ የገባለት ራም 4 ጊጋባይት መሆኑን፥ ሊሠራበት የሚችለው ግን 2.98 ብቻ መሆኑን በስክሪኑ ላይ ጽፎ አሳየን።

ከሽማግሎቹም አንዱ፥ «የቀረውስ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መልሱን ሳላውቅ ዐዋቂ መምሰል ወደድሁና፥ «ነጋዴው መስፈሪያውን አጕድሎ ሸጦልናል» አልሁ። በዚያውም ቀን የክስ ደብዳቤ ጽፌ በትምህርት ቤቱ ማኅተም አትሜ ሰደድሁበት። ነጋዴው በሳምንቱ መጣ፤ ከማንም ጋር ሳይጣላ ሁለቱን ራሞች አውጥቶ ይዞት በመጣው በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ቢያገባቸው፥ 4ቱም ጊጋባይት ሳይጐድሉ ተቈጠሩ። ያን ጊዜ በሽማግሎቹ ፊት የምገባበት ጠፋኝ። እንግዲህ የሰው ስም በከንቱ እንዳይጐድፍ፥ የወላጆችም ገንዘብ በከንቱ እንዳይወጣ፥ ከዚያ በኋላ ጠይቄና ሠርቼ የተማርሁትን ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እጽፋለሁ።

ስለ ራም ምንነት

ኮምፒውተር ሁለት ዐይነት ማስቀመጫ አለው። አንደኛው ሀርድ ዲስክ የሚባለው ነው፤ ይህ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም የተጻፈበትን ይዞ የሚቈይ፥ እንደ ዕቃ ቤት ያለ ነው። ሁለተኛው ራም ነው፤ ይህም ጸሓፊ ወረቀቱን እንደሚዘረጋበት ጠረጴዛ ያለ ሆኖ፥ አሁን የሚሠራበትን ብቻ ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ባዶ ይሆናል። ጠረጴዛው የጠበበበት ጸሓፊ በየጊዜው እየተነሣ ወደ ዕቃ ቤት መመላለስ ግድ እንደሚሆንበት፥ ራሙ ጥቂት የሆነ ኮምፒውተርም እንዲሁ ወደ ሀርድ ዲስኩ እየተመላለሰ ይዘገያል።

የራም መጠን የሚሰፈረው በባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው በዛሬው አጻጻፍ አንዱ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፥ አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 1024 ባይት 1 ኪሎባይት፥ 1024 ኪሎባይት 1 ሜጋባይት፥ 1024 ሜጋባይት 1 ጊጋባይት ይባላል። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ 4 ጊጋባይት፥ ሌላው 4096 ሜጋባይት ቢል፥ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ብቻ ተደናግረው ክርክር ያነሡ ሰዎች አሉ።

ስለ ሦስቱ ምስክሮች

ራም ጐደለ ከማለት በፊት ሦስት ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቆ፥ የሰጡትን ቍጥር በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል።

1ኛ፤ የመጀመሪያው ምስክር በራሙ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። በዚያ ላይ መጠኑ፥ ዐይነቱና ፍጥነቱ ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለት ራሞች ቢኖሩ የሁለቱ ቍጥር ይደመራል።

2ኛ፤ ሁለተኛው ምስክር ባዮስ ነው። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነቃ ከሁሉ አስቀድሞ አካላቱን የሚመረምር፥ በማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩን አብርቶ ወዲያው ዴሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመንካት ይገባበታል፤ ቁልፉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ስለሚለያይ፥ ሲነቃ በስክሪኑ ግርጌ የሚጻፈውን ማየት ይረዳል።

3ኛ፤ ሦስተኛው ምስክር ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሥርዐት፥ ማለት ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ነው። በዊንዶውስ 7 የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ፖዝ የሚለውን ቁልፍ ቢነኩ፥ የገባው ራም ቍጥርና ሊሠራበት የሚቻለው ቍጥር በአንድነት ተጽፈው ይታያሉ።

ሦስቱ ቍጥሮች ከተጻፉ በኋላ ነገሩ ግልጥ ይሆናል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ከጐደለ፥ ጥፋቱ በሚዳሰሰው ዕቃ፥ ማለት በራሙ፥ በስሎቱ ወይም በማዘርቦርዱ ዘንድ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ከጐደለ ግን ራሙ ታይቷል፤ የቀረው በአስተዳደሩ ወይም በቍጥር አሰጣጡ ነው። እኔ የበደልሁት ሦስተኛውን ምስክር ብቻ ሰምቼ በመፍረዴ ነው።

ባዮስ ራሙን አሳንሶ ቢቈጥር

አስቀድሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳው መንቀል ይገባል፤ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ቢሆን ባትሪውም ይወጣል። ከዚያም የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ መያዝ ነው። ዳግመኛም በበጋ፥ አየሩ በደረቀ ጊዜ፥ ሹራብ ሲወልቅ እየተንጣጣ የሚታየው ብልጭታ ለራም ገዳይ ነውና፥ ራሙን ከመንካት በፊት የኮምፒውተሩን የብረት አካል በእጅ መንካት፥ ራሙንም በጠርዙ ብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው በሚከተለው ተራ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ። ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድንለትም ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና።

ሀ) አቀማመጡን ማየት፤ ራሙን አውጥቶ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቍርጥ ከስሎቱ ጕብጠት ጋር አጋጥሞ፥ የዳርና ዳሩ መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ እኩል መጫን ነው። ከመንገድ መንገጫገጭ የተነሣ ራሙ ጥቂት ተነቅሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለ) ማጽዳት፤ የአገራችን መንገድ አቧራ በሣጥኑ ውስጥ ይከማቻል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ከስሎቱ ማራገፍ፥ የወርቅ ቀለም ያላቸውን የራሙን ጥርሶችም በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። የላጲሱ ፍርፋሪ ሁሉ ሳይራገፍ ራሙ ተመልሶ አይግባ። ውሃ ፈጽሞ አይነካው።

ሐ) አንድ በአንድ መፈተን፤ ራሞቹን «ሀ» እና «ለ»፥ ስሎቶቹን «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» ብሎ ሰይሞ፥ እያንዳንዱን ራም ለብቻው በእያንዳንዱ ስሎት አግብቶ ባዮስ የሚለውን መጻፍ ነው። «ሀ» በሁለቱም ስሎት ተቈጥሮ «ለ» በሁለቱም ካልተቈጠረ፥ ጥፋቱ በ«ለ» ራም ነው። ሁለቱም ራሞች በአንደኛው ስሎት ተቈጥረው በሁለተኛው ካልተቈጠሩ፥ ጥፋቱ በስሎቱ ነው። ለየብቻቸው ተቈጥረው አብረው ሲገቡ ካልተቈጠሩ፥ ወይ ሁለቱ አልተስማሙም፥ ወይ ድምራቸው ከማዘርቦርዱ ወሰን በላይ ሆኗል። ኮምፒውተሩ ሳይነሣ ቀርቶ ደጋግሞ ቢጮኽም፥ ይህ ብዙ ጊዜ ራም አላገኘሁም የሚልበት ቋንቋው ነውና አትደንግጡ።

መ) ዐይነቱን መመርመር፤ ዲዲአር2፥ ዲዲአር3ና ዲዲአር4 የሚባሉት ራሞች የተለያዩ ናቸው። ዲዲአር2 የሚሠራው በ1.8 ቮልት፥ ዲዲአር3 በ1.5 ወይም በ1.35፥ ዲዲአር4 በ1.2 ነው። የቍርጣቸውም ስፍራ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አልገባም ያለውን በኀይል መጫን ራሙንም ስሎቱንም መስበር ነው።

ሠ) የማዘርቦርዱን ወሰን መጠየቅ፤ ማዘርቦርድ ሁሉ ሊቀበለው የሚችለው የራም ልክ አለው። ይህም ልክ ድምሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርድ ባለ 4 ጊጋባይቱን ራም በ16 ትንንሽ ቺፖች ተከፋፍሎ ሲሠራ ይቀበለዋል፤ ያው 4 ጊጋባይት በ8 ትልልቅ ቺፖች ሲሠራ ግን በእኩሌታው ይቈጥረዋል ወይም ፈጽሞ አያየውም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን ስም ጽፎ ለነጋዴው ማሳየት ይገባል።

ረ) እስከዚህ ድረስ ካልተገኘ፥ በፕሮሰሰሩ መቀመጫ ዘንድ ያለ ጥፋት ሊሆን ይችላል። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ራሙን በቀጥታ የሚያዝዘው ፕሮሰሰሩ ራሱ ስለ ሆነ፥ በመቀመጫው ካሉት ቀጫጭን እግሮች አንዱ ቢጣመም ከስሎቶቹ እኩሌታው ዝም ይላል። ይህን ለባለሞያ መተው እንጂ በትምህርት ቤት መሞከር አይገባም።

ባዮስ ሞልቶ ቈጥሮ ዊንዶውስ ቢያጐድል

የእኛ ነገር ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ምክንያት 32 ቢት የሚባለው ሥርዐት ነው። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የቀበሌ ጸሓፊ ቤቶችን በየቍጥራቸው የሚጽፍበት መዝገብ አለው እንበል፤ መዝገቡም ከአራት አኃዝ በላይ ለመጻፍ ስፍራ የለውም። ከ0 እስከ 9999 ያሉት 10000 ቤቶች ይጻፋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቤት ግን ቢሠራም፥ ሰው ቢኖርበትም፥ ቍጥር ስለሌለው መልእክተኛ ሊደርስበት አይችልም። 32 ቢትም እንዲሁ ነው። 0ና 1 በሚባሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ በ32 ስፍራ ሊጻፉ የሚችሉት ቍጥሮች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይህም ልክ 4 ጊጋባይት ነው።

ደግሞም እነዚህ ቍጥሮች ሁሉ ለራም አይሰጡም። በዚያ መዝገብ ለድልድዩ፥ ለውሃ ጕድጓዱና ለጐተራው ቍጥር ቢሰጣቸው ለመኖሪያ ቤት የሚተርፈው እንደሚያንስ፥ ኮምፒውተሩም ስክሪኑን የሚያሠራውን ካርድ፥ የኢንተርኔቱን ካርድና ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚጠራበትን ቍጥር ከዚሁ ላይ ይከፍላል። ስለዚህ 4 ጊጋባይት ራም ባለው በ32 ቢት ዊንዶውስ ዘንድ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ጊጋባይት ነው። ራሙ አለ፤ የሚጠራበት ቍጥር ግን የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት የዊንዶውሱ ዐይነት ነው። ዊንዶውስ 7 ስታርተር የሚባለው ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ሆም ቤዚክ የሚባለው በ64 ቢቱ እስከ 8፥ ሆም ፕሪሚየም እስከ 16 ጊጋባይት ይቀበላል።

ሦስተኛው ምክንያት በስሕተት የተደረገ ወሰን ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር የተባለውን ፊደል በአንድነት ነክቶ በሚከፈተው ስፍራ ኤም፥ ኤስ፥ ሲ፥ ኦ፥ ኤን፥ ኤፍ፥ አይ፥ ጂ የሚሉትን የላቲን ፊደላት አከታትሎ በመጻፍ የሚመጣውን መስኮት እንመልከት። በዚያ ቡት በሚለው ገጽ፥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ በሚለው ውስጥ፥ ማክሲመም ሜሞሪ በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ከተገኘ ምልክቱን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። ብዙ ሰው ይህ ምልክት ራም የሚያበዛ መስሎት ያደርገዋል፤ ሥራው ግን ራምን መወሰን ነው።

አራተኛው ምክንያት የስክሪኑ ድርሻ ነው። የራሱ ራም ያለው የስክሪን ካርድ የሌለው ኮምፒውተር፥ ሥዕሉን ለማሳየት ከዋናው ራም ላይ ጥቂት ይወስዳል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው፤ በአንዳንድ ባዮስ ውስጥ ግን ድርሻውን ማሳነስ ይቻላል።

አምስተኛው ምክንያት ማዘርቦርዱ ራሱ ነው። ከ4 ጊጋባይት በታች ያለውን ቍጥር መሣሪያዎች ሲወስዱት፥ ደኅና ማዘርቦርድ በዚያ ስፍራ የነበረውን ራም ከ4 በላይ ወዳለው ቍጥር ያዛውረዋል። በአንዳንድ ባዮስ ሜሞሪ ሪማፕ የሚል ትእዛዝ ስላለ፥ ተዘግቶ ከተገኘ መክፈት ነው። ነገር ግን ይህን ማድረግ ፈጽሞ የማይችሉ አሉ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የወጣው ኢንቴል 945 የሚባለው የቺፕሴት ወገን ከእነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ባለው ላይ 64 ቢት ዊንዶውስ ቢጫንም ጉድለቱ አይሞላም።

ወደ 64 ቢት ስለ መለወጥ

ማዘርቦርዱ የሚያዛውር፥ ፕሮሰሰሩም 64 ቢት የሚችል ከሆነ፥ ሥርዐቱን ወደ 64 ቢት መለወጥ ይጠቅማል። ሆኖም 32 ቢቱን ዊንዶውስ በላዩ ላይ ወደ 64 ማሳደግ አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ የተማሪዎች ውጤትና የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ይገልበጥ፤ ግልባጩም ተከፍቶ ይታይ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ስለ ሆነ፥ እንደ አዲስ ለሚጭን ሰው ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሊኑክስ ማሰብ መልካም ነው።

በመጨረሻ የእኛ ነገር እንዴት እንደ ሆነ

የእኛን ኮምፒውተሮች በዚህ ሥርዐት ብንመረምራቸው፥ ሁለቱም ከ3 ጊጋባይት በላይ ያለውን ማዛወር የማይችሉ ሆነው ተገኙ። የአራተኛው ጊጋባይት ስፍራ በመሣሪያዎች ቍጥር ተይዟል፤ የቀረው ጥቂት ጉድለትም የስክሪኑ ድርሻ ነው። እንግዲያስ በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው አራተኛው ጊጋባይት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ደግሞ በ2 ጊጋባይት ብቻ ይቸገራል።

ነጋዴው እዚያው ተቀምጦ ሳለ ከአዲሶቹ ራሞች አንዱን አውጥተን ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር አዛወርን። በእያንዳንዱም ኮምፒውተር አንድ ባለ 2ና አንድ ባለ 1 ጊጋባይት ራም ሆነ። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ራሞች አብረው ሲሠሩ ጥቂት ይፈጥናሉ፤ ለእኛ ግን የስፍራው መስፋት ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒውተር በተነሣ ጊዜ የገባለት 3 ጊጋባይት፥ የሚሠራበት 2.98 መሆኑን አሳየን፤ በ4 ጊጋባይት ከነበረው ምንም አልቀነሰም። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ። ባለ 1 ጊጋባይት ሁለት ራሞች ተርፈው በመዝገብ ተጽፈው ተቀመጡ፤ ከወላጆችም ተጨማሪ ገንዘብ አልተጠየቀም።

እኔም በማግሥቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። የመጀመሪያውን ክስ በሰሙት በእነዚያው ሽማግሎች ፊት ቆሜ ነጋዴው ሙሉ ዕቃ እንደ ሸጠልን፥ እኔም ሳላውቅ እንደ ከሰስሁት አነበብሁ። ማኅተሙም ያው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነበር።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ የየኮምፒውተሩን የራም ዐይነትና ሦስቱን ቍጥሮች በትምህርት ቤቱ የንብረት መዝገብ ጻፉ፤ ራም በተጨመረ ወይም በተዛወረ ጊዜም ከቀኑ ጋር አድሱት። እናንተም ሽማግሎች፥ ለራም መግዣ ገንዘብ ሲጠየቅ የማዘርቦርዱ ወሰን ስንት እንደ ሆነ ሳይነገራችሁ አትፍቀዱ። ከተገዛም በኋላ ቍጥሩ ቢጐድል አስቀድሞ የት እንደ ጐደለ ይመርመር፤ ማን እንዳጐደለው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።